ሜዳሊያው ከመወልወሉ በፊት

ሚያዝያ 27 ሲቃረብ የአርበኛና የወታደር ቤት ሳጥን ይከፈታል። ሳጥኑ ሲከፈት ደግሞ ጥያቄው ይከተላል። የዚህ ወር የጥያቄና መልስ ዓምዳችን ከሐዋሳ አንባቢያን በደረሱን ደብዳቤዎች ተይዟል፤ ከተማዋ ስትቆረቆር ከሠፈሩባት መካከል ጡረተኛ ወታደሮች ስለነበሩ ብዙም አይገርምም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ የዘመቱ ወታደር ነበሩ። እናቴ በየዓመቱ ለሚያዝያ 27 ሜዳሊያዎቻቸውን በአመድና በሎሚ ፈትጋ ታብለጨልጫቸዋለች። አሁን የአንዱ ጽሑፍ ሊጠፋ ደርሷል። ሌላኛው ላይ አረንጓዴ ነገር ወጥቶበታል። ምን ብንቀባቸው ይሻላል? (ከታቦር)

መልስ፦ ምንም አይቀቡ። አመዱንና ሎሚውንም ከዘንድሮ ጀምሮ ያስቀሩ። አመድ ውስጥ እንደ አሸዋ የሚፍቅ ቅንጣት አለ። ሎሚ አሲድ ነው፤ የላዩን ጥቁረት አንስቶ አያቆምም፣ ብረቱንም ይበላል። በአንድ ዓመት የሚነሳው ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ቢሆንም ፊደሉ ራሱ ከብረቱ ፊት ከፍ ያለው በጥቂቱ ነው። ሃያ ሠላሳ ሚያዝያ ሲፈተግ የኖረ ሜዳሊያ እንደ አሮጌ ሳንቲም ልሙጥ የሚሆነው ለዚህ ነው። ከሱቅ የሚገዛው የብረት መወልወያም ሽታው ይለያል እንጂ ሥራው ያው ነው።

መጀመሪያ የትኛው ሜዳሊያ እንደሆነ ይለዩ። በኮሪያ ለዘመቱት የተሰጠው የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ የነሐስ መልክ አለው። ፊቱ ላይ በወይራ ዝንጣፊ የታቀፈ የዓለም ካርታ፣ ማለትም የድርጅቱ ዓርማ አለ። ሪባኑ 9 ሰማያዊና 8 ነጭ ቀጫጭን ሰንበሮች ተፈራርቀውበታል። ሪባኑ ከሜዳሊያው ጋር በሚገናኝበት ጠፍጣፋ ዘንግ ላይ የኮሪያ ስም ተቀርጿል። ይህ ሜዳሊያ በየዘማቹ አገር ቋንቋ ስለተሠራ የእኛዎቹ ያገኙት ጽሑፉ አማርኛ ነው። እንግሊዝኛ የተቀረጸበት በዓለም ዙሪያ ሞልቷል፤ በአማርኛ የተቀረጸው ግን ለእነዚያ ዘማቾች ብቻ የወጣ ነው። እናትዎ ሳያውቁት እየፈተጉ ያሉት ይህንኑ ፊደል ሊሆን ይችላል።

ነሐስ ሲያረጅ ቡናማ፣ ብር ሲያረጅ ጥቁር ይሆናል። ሁለቱም ሕመም አይደሉም፤ ይተዋቸው። መመርመር ያለበት አረንጓዴው ነው። ሰም መስሎ ከጠርዙ ወይም ሪባኑ ከሚነካው ቦታ ላይ ከተለጠፈ አብዛኛውን ጊዜ ቅባትና ላብ ከመዳብ ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ነው። የጥርስ መፋቂያ ስንጥር ጫፉን በጥርስ አለስልሰው፣ አድርቀው፣ በቀስታ ቢገፉት ይነሳል። መርፌና ቢላዋ እንዳይነካው። ሁለተኛው ዓይነት ፈዛዛ አረንጓዴ ዱቄት ነው፤ እንደ ሻጋታ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል፣ ሲነኩት ይረግፋል፣ ቢጠርጉት በሳምንት በወሩ ይመለሳል። ይህን የሚያመጣው የላብ ጨው ከእርጥበት ጋር ሲገናኝ ሲሆን ብረቱን ከውስጥ ይቦረቡረዋል። እንዲህ ያለውን ከሌሎቹ ለይተው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡና የቅርስ ጥበቃ ባለሙያ ያሳዩት። ቤት ውስጥ የሚድን አይደለም።

ለጽዳት ከዚህ በላይ አያስፈልግም፦ እጅዎን ታጥበው በደንብ ያድርቁ፤ አቧራውን ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ያንሳው። የጠነከረ እድፍ ካለ ጥጥ በተጣራ ውሃ ነክረው፣ ጨምቀው፣ ብረቱን ብቻ ይንኩ፤ ወዲያው በሌላ ደረቅ ጥጥ ያድርቁ። ሪባኑን ውሃ ከነካው ሰማያዊው ወደ ነጩ ይሄዳል፣ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። የቧንቧ ውሃ ሲደርቅ ነጭ ቅሪት ስለሚተው የተጣራውን ከመኪና ባትሪ መሸጫ ይግዙ። «የባትሪ ውሃ» ብቻ ብለው ከጠየቁ ግን አሲዱን አንስቶ የሚሰጥዎ ሊኖር ይችላልና ጠርሙሱን ሳያነብቡ ከሱቁ አይውጡ።

ማስቀመጫው ከጽዳቱ ይበልጥ ዋጋ አለው። ሜዳሊያዎቹን በላስቲክ አያስሩ፤ ላስቲክ ሲያረጅ ድኝ ያወጣል፣ ድኝ ብርን ያጠቁራል። ሱፍ ጨርቅም እንደዚሁ። ተጣባቂ ለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥም አይክተቷቸው። ስታርች ያልነካው የታጠበ ነጭ አቡጀዴ እያንዳንዱን ለየብቻ ይጠቅልል፤ ክዳኑ የሚገጥም የብስኩት ቆርቆሮ ይበቃል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሁለት ሦስት ይጨምሩ። ሐይቅ ዳር ባለ ቤት ቆርቆሮውን ክረምት በሚያልበው የውጭ ግድግዳ ሥር አያስቀምጡ፤ ወለል ላይም አይሁን።

ከዚህ ሁሉ መቅደም ያለበት ግን ጽሑፉ ነው። ብዙ ሜዳሊያ ላይ የባለቤቱ ስም የለም። የሚያውቀው ሰው ሲያልፍ የማን እንደነበረ የሚናገር አይኖርም፣ ብረቱ ዕቃ ሆኖ ይቀራል። ለእያንዳንዱ አንድ ብጣሽ ወረቀት በእርሳስ ይጻፉ፦ የአባትዎ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ማዕረግ፣ የሻለቃው ስም፣ ሜዳሊያው ለምን እንደተሰጠ፣ ይህን የነገረዎ ማን እንደሆነ። እናትዎ በሕይወት ሳሉ ያድርጉት። እሳቸው የሚወለውሉት ለክብር ነውና ባዶ እጃቸውን አይቅሩ፤ የግድግዳውን ፎቶ መስታወት ይስጧቸው። ጨርቁ ረጠብ ይበል እንጂ ውሃው ወደ ክፈፉ እንዳይወርድ። ምክንያቱ በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይ አለ።

ጥያቄ፦ በወታደር ልብስ የተነሳ የአጎቴ ፎቶ አለን። ከክፈፉ ልናወጣው ስንሞክር ፊቱ መስታወቱ ላይ ተጣብቋል። ጀርባው ላይ «1953» ብቻ ተጽፏል። ግማሹ ቤተሰብ ኮሪያ ነው ይላል፣ ግማሹ ኮንጎ። እንዴት ይታወቃል? ፎቶውንስ እንዴት እናላቀው? (ከመናኸሪያ)

መልስ፦ ሁለቱም ወገን ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የምትጣሉት ስለ አጎታችሁ ሳይሆን ስለ ቀን መቁጠሪያ ነው። 1953 በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ በእኛ ከ1945 ጥር እስከ 1946 ታኅሣሥ ድረስ ያለው ነው። የቃኘው ወታደሮች ኮሪያ የደረሱት 1943 ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ነው፣ የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945፤ ስለዚህ ይገጥማል። 1953 በእኛ አቆጣጠር ከሆነ ደግሞ በአውሮፓ 1960 እና 1961 ነው፤ የኢትዮጵያ ጦር በተባበሩት መንግሥታት ሥር ኮንጎ የነበረበት ዘመን። እሱም ይገጥማል።

ስለዚህ ቁጥሩን ትታችሁ እጅ ጽሑፉን እዩ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ከተጻፈ፣ ወይም አጠገቡ «መስከረም» «ጥቅምት» የሚል ካለ የእኛ ነው ማለት ይቻላል። በላቲን ፊደል የተጻፈ ነገር ወይም የጃፓን ፎቶ ቤት ማህተም ካለ ወደ ኮሪያ ያደላል፤ ከግንባር ወደ ጃፓን ለዕረፍት የሚላኩ ወታደሮች ነበሩና።

ቀጥሎ ልብሱ። ቃኘው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተመድቦ ስለተዋጋ ልብሱም ትጥቁም የአሜሪካ ነበር። የክፍለ ጦሩ የትከሻ ምልክት ክብ ቀይ መደብ ላይ ሁለት የ7 ቁጥሮች አንዱ ተገልብጦ የተጋጠሙበት፣ ወገቡ የቀጠነ ጥቁር ቅርጽ ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀዩ ጠቆር ያለ ግራጫ ይመስላል። የግራ ትከሻውን በማጉያ መነጽር እዩት። ወፍራም የብርድ ካፖርት፣ በረዶ፣ ዛፍ የሌለው ተራራም ወደዚያው ያመለክታሉ። ኮንጎ ከሆነ የተባበሩት መንግሥታት ሰማያዊ ቆብ ወይም የራስ ቁር ከቀሪው ልብስ ፈካ ብሎ ይታያል፤ ጀርባው ላይ ሙዝ ወይም ዘንባባ መኖሩም ይረዳል።

አንድ ወጥመድ አለ። ደረቱ ላይ የኮሪያ ሪባን ስላለ ብቻ ፎቶው ኮሪያ ተነሳ አትበሉ። ሪባን የሚነግራችሁ ፎቶው ከሽልማቱ በኋላ መሆኑን ብቻ ነው፤ ኮሪያ ዘምቶ የተመለሰ ሰው ከዓመታት በኋላ ኮንጎም ሄዶ ሊሆን ይችላል። ውሳኔያችሁን ስትጽፉ ምክንያቱን አብራችሁ ጻፉ፤ «ኮሪያ» ብቻ ሳይሆን «የትከሻው ምልክት ስለሚታይ ኮሪያ» በሉ። የልጅ ልጆቻችሁ ሊፈትሹት ይችላሉ።

ስለ መላቀቁ፦ አትሞክሩት። የድሮ ፎቶ ፊት ጄላቲን ነው። እርጥበት ሲያገኝ እንደ ሙጫ ይለሰልሳል፣ ሲደርቅ መስታወቱን ይነክሳል። ሲጎትቱት የሚቀረው መስታወቱ ላይ ነው፣ ብዙ ጊዜም ከፊቱ ይጀምራል። በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅና በእንፋሎት ማራስ ደግሞ ጭራሽ ያቀልጠዋል። ከነመስታወቱ ይቀመጥ። እናንተ የምትፈልጉት ምስሉን ነው፤ እሱ ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ ይገኛል።

ስካነር ካገኛችሁ መስታወቱን ከውጭ በኩል ብቻ አጽድታችሁ በ600 ዲፒአይ (የስካነሩ የጥራት ልክ ነው) አንሱት፤ የመታወቂያ መጠን ያለው ትንሽ ፎቶ ከሆነ 1200 ይሁን። በስልክም ጥሩ ይወጣል። ጠዋት ፀሐይ በቀጥታ የማይገባበት መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ አጋድሙት፣ መብራት አጥፉ፣ ፍላሽ አይሁን። ስልኩን ከላይ ትይዩ አድርጋችሁ ያዙ፤ አራቱ ጠርዞች ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር እኩል ካልሄዱ ዘምሟል። ስልካችሁና ፊታችሁ መስታወቱ ላይ እንዳይታዩ ጥቁር ነጠላ ወይም ጨርቅ መሃሉን ቀዳችሁ ሌንሱን ብቻ በቀዳዳው አውጡ። አስቂኝ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። ጀርባውንም አንሱት። ለዘመድ በቴሌግራም ስትልኩ «ፋይል» አድርጋችሁ ላኩ እንጂ እንደ ፎቶ አትላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲሄድ ይጨመቃል፣ ያ የትከሻ ምልክት ይደበዝዛል። ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ አንዱ ሌላ ከተማ ባለ ዘመድ ቤት።

ግድግዳው ላይ ቅጂው ይሰቀል፤ በምስሉና በመስታወቱ መካከል 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት የሚፈጥር የካርቶን ክፈፍ ይግባበት። ሌሎች ፎቶዎችና የምስክር ወረቀቶችም ካሉ «እንዳይበላሽ» ብላችሁ ላሚኔት እንዳታስደርጉ። ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ይገባል፤ ካረጀ በኋላ ፕላስቲኩን ከወረቀቱ መለየት አይቻልም።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። የተማሪዎች ክበባችን ለሚያዝያ 27 አርበኞችን ጋብዞ ማክበር ይፈልጋል። ምን እናዘጋጅ? (ከባህል አዳራሽ)

መልስ፦ ዕለቱ በዓል ስለሆነ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ፋሲካም አንዳንዴ ይገጥመዋል፣ በ2016 ፋሲካ ራሱ ሚያዝያ 27 ዋለ። ቀደም ያለ የትምህርት ቀን ይምረጡ፤ ዐቢይ ጾም ውስጥ ከወደቀ መስተንግዶው ቆሎና ለስላሳ ይሁን። ሰዓቱ ጠዋት 3 ይሁን። በልግ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ዝናብ አይታመንም፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ ዝናብ ደግሞ ማይክሮፎንም አያሸንፈው።

ጥሪው ላይ ስሙን ያስተካክሉ። ቀኑ የአርበኞች ነው፦ ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡት ልክ በአምስተኛው ዓመት በዚያው ዕለት ነው። ያኔ 18 ዓመት የሞላው ሰው ዛሬ ከመቶ ዓመት በላይ ስለሆነ የሚመጡላችሁ አብዛኞቹ የኋለኞቹ ጦርነቶች ሰዎች ይሆናሉ። ሁሉንም በጅምላ «አርበኛ» ማለት ለሁለቱም ወገን አይስማማም። ዘማች፣ የቀድሞ ሠራዊት አባል፣ የጦር ጉዳተኛ፤ እያንዳንዱ የየራሱ መጠሪያ አለው። በምን ልጥራዎት ብሎ መጠየቅ ነው። የአርበኛ ልጅ ከመጡም እንደ ልጅነታቸው ይተዋወቁ። ሴቶችን አይርሱ፤ ስንቅ ያቀበሉ፣ ቁስለኛ ያከሙ፣ ውስጥ አርበኛ ሆነው መረጃ ያሻገሩ እናቶች ልጆች በየሰፈሩ አሉ።

መደገፊያና እጀታ ያለው ወንበር፣ ጥላ፣ ቅርብ መጸዳጃ፣ ከቤት የሚያመጣና የሚመልስ ባጃጅ። ጠቅላላው ከ50 ደቂቃ አይለፍ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ንግግር ላይ ነው፤ የመጡት እንግዶች ሦስት ባለሥልጣን ሲናገር ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ያዳምጣሉ፣ የእነሱ ተራ ሲደርስ ሰዓቱ ያልቃል። ይገልብጡት፦ የኅሊና ጸሎት አንድ ደቂቃ፣ ወዲያው እንግዶቹ፣ ንግግር ካለ በመጨረሻ። ከመካከላቸው መፎከር የሚፈልግ ይኖራል፤ ጊዜ ይያዝለት፣ ቦታውም ሰፋ ይበል። ርችት ግን በፍጹም አይተኮስ፣ ፊኛም አይነፋ። ድንገት የሚፈነዳ ድምፅ እንግዳዎን ከወንበሩ ላይ ወደ መሬት ሊጥለው ይችላል፤ ተማሪ ከሳቀ ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ነው።

ጥያቄ፦ አባታችን በ1969 እና 70 በምሥራቅ ግንባር ተዋግተዋል። ልጆቹ ድምፃቸውን ሊቀርጹ ፈለጉ፤ እሳቸው «ምን ይወራል» ብለው ይነሳሉ። አንድ ቀን ጀምረው አለቀሱና ተውነው። እንቀጥል ወይስ ይቅር? (ከአዲስ ከተማ)

መልስ፦ ጥያቄውን መጀመሪያ ለእሳቸው አቅርቡት፤ «ብንቀርጽዎ ፈቃድዎ ነው? ማን እንዲሰማው ይፈልጋሉ?» በሉ። «እኔ ካለፍኩ በኋላ» ካሉ እንደዚያ ይሁን፣ ወረቀት ላይም ይጻፍ። እምቢ ካሉም ክብራቸው ነው፤ የምታውቁትን እናንተ ጻፉ።

ከፈቀዱ አጀማመሩ ይቀየር። «ስንት ሰው ገደሉ» ወይም «በጣም የከፋው ቀን የቱ ነው» ከሚል ልጅ ምንም አይገኝም። ሰውየው ወታደር ከመሆናቸው በፊት ጀምሩ፦ የት ተወለዱ፣ ሲመለመሉ ማን ሸኛቸው፣ ምን ስንቅ ቋጠሩ፣ የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን አደረጉበት፣ ግንባር ላይ ውሃ ከየት ይመጣ ነበር፣ ደብዳቤ ማን ይጽፍላቸው ነበር። ወታደር ስለ ጫማው ሲናገር ስለ ጦርነቱ የሚናገረው ይበዛል። ፎቶ ወይም አሮጌ ቀበቶ እጃቸው ላይ ብታስቀምጡ ከጥያቄ ይሻላል።

ቀን በቀን አትፈትኗቸው። ካራማራ ድል የሆነው የካቲት 26 ቀን 1970 መሆኑን እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሳቸው ሌላ ወር ቢሉ አታርሙ፣ ዳር ላይ ማስታወሻ ያዙ። ጊዜውን በበዓልና በዝናብ ጠይቁ፦ «መስቀል ሲደርስ የት ነበራችሁ? ገና የዋለው እዚያው ነው?» ሰው ቁጥሩን ይረሳል፣ ፋሲካን ያለ ዶሮ የዋለበትን ቦታ አይረሳም። ዝም ሲሉ ቶሎ አትግቡባቸው፤ በልባችሁ እስከ ሃያ ቁጠሩ። ብዙውን ጊዜ ዋናው ነገር ከዝምታው በኋላ ይመጣል።

ቀረጻው ከጠዋት ቡና በኋላ፣ ከ40 ደቂቃ ሳይበልጥ፣ በየሳምንቱ አንድ ቀን ይሁን። ስልኩን በአውሮፕላን ሁነታ አድርጋችሁ በታጠፈ ፎጣ ላይ ከአፋቸው ግማሽ ሜትር ያህል አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የስኒው መነካት ሁሉ እንደ መዶሻ ይገባል። ፍሪጁን ንቀሉ፣ መልሳችሁ መሰካቱንም አትርሱ። አንድ ደቂቃ ቀርጻችሁ ስሙት። በኤምፒ3 አንድ ሰዓት 60 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፤ ቦታ ካለ ድምፁን የማይጨምቀውን ዋቭ ምረጡ፣ በአንድ ማይክሮፎን 300 ሜጋባይት ገደማ ነው። መጀመሪያው ላይ ቀኑን፣ ቦታውንና የተቀመጡትን ሰዎች ስም በድምፅ ተናገሩ። ያን ዕለት ማታ የሰውና የቦታ ስሞቹን ጻፏቸው፤ ድምፁ ላይ «ሻምበል እገሌ» ሲባል ፊደሉን ከዓመት በኋላ የሚያውቅ አይኖርም።

ስለ ልቅሶው፦ ማልቀስ በራሱ ማቆሚያ ምክንያት አይደለም። ቀረጻውን አቁሙ፣ ውሃ ስጡ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፤ መቀጠሉን እሳቸው ይወስኑ። ሌላ ምልክት ካለ ግን ነገሩ ይለያል፦ ከቀረጻው በኋላ ሌሊት መጮህ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድምፅ ሲሰሙ መበርገግ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ሰው መሸሽ። ይህ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየ ቀረጻው ይቁምና ሐኪም ይያቸው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ወታደር ነኝ፣ ምን ሆኜ» ካሉ ከእንቅልፉ ጀምሩ፤ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ሐኪም ጋ መሄድ ለማንም ሽማግሌ አያሳፍርም።

ጥያቄ፦ የወንድማችን ሙት ዓመት ከመድረሱ በፊት ሐውልት ልናሠራ ነው። አናጢውም ግንበኛውም የየራሱን ይነግረናል። ምን እንጠንቀቅ? (ከምሥራቅ)

መልስ፦ አንድ ክረምት ይለፍበት። አዲስ የተቆፈረ አፈር ዝናብ ሲጠጣ ይሰምጣል፤ ለአርባው ተጣድፎ የተሠራ ሐውልት የሚሰነጠቀው ግንበኛው ስለሰረቀ ብቻ አይደለም። ሙት ዓመት ጥሩ ጊዜ ነው።

ከድንጋዩ ሥር ያለው ኮንክሪት ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ልኬቱ 1 ሲሚንቶ፣ 2 አሸዋ፣ 4 ጠጠር። ለ7 ቀን ውሃ ይጠጣ፤ ይህን የሚዘልሉት ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ ከቤተሰብ አንድ ሰው ጠዋትና ማታ ውሃ እንዲያጠጣ ይመደብ። ከላይ የሚጋደመው እብነ በረድ 3 ሴንቲሜትር ውፍረት ይኑረው፤ ባለ 2ቱ ሰው ሲደገፍበት ይሰበራል። ብረት ድንጋዩ ውስጥ አይቀበር። ብረት ሲዝግ ያብጣል፣ ሲያብጥ ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነክተዋል። ሠራተኛው ሲጨርስ «በአሲድ ልጠበው» ካለም አይፈቀድለት፤ አሲድ የወለል ሲሚንቶ ያነጣ ይሆናል፣ እብነ በረድን ግን እያረፋ ይበላዋል፤ ከላይ ያልነው የሎሚ ነገር እዚህም ይሠራል። በረኪናም አይሁን። ንጹሕ ውሃና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል።

ጽሑፉ ላይ ነው ጊዜ መውሰድ። ቀለም ብቻ ከሆነ ሁለት ሦስት ክረምት ይቆያል፤ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር የተቀረጸ ይሁን። የፊደሉ ቁመት ከ3 ሴንቲሜትር አይነስ። ፊደላችን ጥቃቅን ቅጥያ ስለሚበዛው ሲያንስ ይጠፋል፤ ቋ እና ቀ፣ ሏ እና ለ፣ ሻ እና ሸ ከሩቅ አንድ ይሆናሉ። ስለዚህ ቃላቱን ቀንሱ። ማዕረግ ሳይታጠር በሙሉ ይጻፍ። «ሻለቃ» ማዕረግም የጦር ክፍልም ስለሆነ «በሻለቃ» ብሎ ነገር አይኑር፤ «ሻለቃ እገሌ» ወይም «የእገሌ ሻለቃ ባልደረባ» በሉ። ከስሙ እስከ አያት፣ የተወለደበትና ያረፈበት ቀን፣ የዘመተበት ቦታ፤ ሌላው ወረቀት ላይ ይቆይ። ኃይለ እና ሀይለ፣ ሥላሴ እና ስላሴ፣ ፀሐይ እና ጸሐይ፤ ራሱ መታወቂያው ላይ እንዴት ይጽፈው እንደነበር አይታችሁ ያንኑ ተከተሉ። ጽሑፉን በትክክለኛ መጠኑ አሳትማችሁ ለቀራጩ ስጡት፤ ከመስጠታችሁ በፊት ጽሑፉን የማያውቅ ሰው ጮክ ብሎ ያንብበው። በስልክ የተነገረ ስም ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላ ሰው ይሆናል።

ጥያቄ፦ የአያቴ የሱፍ ካፖርት ብል በልቶታል። አጥቤ ልስቀለው? (ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ አይጠቡት፤ ሱፉ ይጨማደዳል፣ የምልክቶቹ ቀለም ይለቃል። ፀሐይ ላይም አያስጡት። በጥላ አራግፈው፣ ስፌቱንና የአንገቱን ሥር በለስላሳ ብሩሽ ይጥረጉ፤ እጩ የሚደበቀው እዚያ ነው። ከዚያ በወፍራም ፕላስቲክ አየር እስኪያጣ ጠቅልለው፣ አሽገው፣ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚደርስ ፍሪዘር ውስጥ ለሁለት ሳምንት ያኑሩት። ሲያወጡት ለ24 ሰዓት ሳይከፍቱት ይቆይ፤ ቶሎ ከተከፈተ ጤዛው ጨርቁ ላይ ይወርዳል። በጠባብ ማንጠልጠያ አይስቀሉት፣ ትከሻው ይቀደዳል፤ አቡጀዴ ላይ አጋድመው፣ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ ጨርቅ ጠቅልለው ያስገቡ። የብል መድኃኒት ኳስ ጨርቁንና ቁልፎቹን አይንካ።

ፍሪዘር ከመግባቱ በፊት ግን ኪሶቹን በሙሉ ይፈትሹ፣ የውስጡን የደረት ኪስም። የተጣጠፈ ወረቀት ካገኙ እዚያው በጉልበት አይዘርጉት። ከየትኛው ኪስ እንደወጣ ይጻፉ፣ ፎቶ ያንሱት፣ ከዚያ በሁለት ንጹሕ ወረቀቶች መካከል አድርገው ከላዩ መጽሐፍ ይጫኑበት፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይከፈታል።